ሩዋንዳ ያለችው ሳቢሳ

በአዲስ አበባ ረጅም ሌንስ አንግቶ የሚታይ ሰው ሥራው ከሦስቱ አንዱ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ወይ ሰርግ ይቀርጻል፣ ወይ ዜና ይሠራል፣ ወይ ይሰልላል። ሰርግ ቀራጩን «በስንት ትሠራለህ?» ይሉታል። ዜና ሠሪውን ክንዱን ይዘው ወደ ተቆፈረው መንገድ ይጎትቱታል፤ «ይቺን አሳይልን» ብለው። ሦስተኛውን መታወቂያ ይጠይቁታል። እኔ የማነሳው ወፍ ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊት ላይ የሚመጣውን መልክ አንስቼ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዐውደ ርእይ በከፈትኩ ነበር። አንዳንዱ ያዝንልኛል። አንዳንዱ «ወፍ የለም!» ይልና በራሱ ቀልድ ይስቃል። አንድ የታክሲ ረዳት ደግሞ፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ነው፣ «ብራዘር፣ ትከፍልሃለች?» ብሎ ጠይቆኛል።

ከወፍም የምከተለው ሳቢሳን ነው። አንገቷ ረጅም፣ እግሯ ቀጭን፣ አረማመዷ የባላባት፣ ምግቧ አይጥ። ቦሌ ውስጥ አዋቂው ሽመላ ይላታል፣ ወጣቱ ፍላሚንጎ ይላታል፤ እሷ ለአንዳቸውም አቤት ብላ አታውቅም። የማነሳበትን ቦታ ሲጠይቁኝ «ሩዋንዳ» እላለሁ። ያኔ ነው ወሬው የሚጣፍጠው።

«ኧረ ባክህ! መቼ ሄድክ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«መቼ ተመለስክ?»

«ትናንት ጠዋት።»

ለማያውቅ ለመንገር ያህል፣ የኛይቱ ሩዋንዳ ከቦሌ ሚካኤል አጠገብ ያለች፣ ስሟን ከአገሪቱ ኤምባሲ ያገኘች ሰፈር ናት። በዚያኛዋ ሩዋንዳ ተራራ ወጥቶ ጎሪላ ለማየት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሌላ አህጉር ለመጣ አንድ ሰው 1,500 ዶላር ይከፈላል፤ ጎሪላው ዘንድ የሚቆየውም ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ወደኛይቱ ሚኒባስ ይወስዳል፤ ረዳቱ መልስ ከሰጠ ደግሞ ትርፍ ነው። ሳቢሳዋም ሰዓት አትቆጥርም። እርግጥ ነው፣ እዚያ አካጌራ በሚባለው ፓርክ ረግረግ ውስጥ ምንቃሩ ጫማ የሚያህል ትልቅ ግራጫ ወፍ አለ፤ ከዓለም ዳርቻ ወፍ አንሺው ሁሉ እሱን ፍለጋ ይጎርፋል። ቅናት ቢጤ አልያዘኝም አልልም። ግን ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባል የለ፤ ወፍ አንሺም እንዳቅሙ ያነሳል።

መጻሕፍት ስለ ሳቢሳ መኖሪያ ሲያወሩ ሐይቅ ዳር፣ ረግረግ፣ ደንገል፣ የጠዋት ጭጋግ ይደረድራሉ። የቦሌዋ ሳቢሳ ይህን አላነበበችም። ጥቁር ራስ የምትባለዋ ናት፤ አናቷና የአንገቷ ጀርባ ጥቁር፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ ቀሪው አካሏ ግራጫ፣ ቁመቷ 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ግራጫዋ ሳቢሳ ዘመዷ ናት፤ እሷ አንገቷ ነጣ፣ ምንቃሯ ቢጫ ያለ ነው። ሁለቱ ቆመው ካልለየኋቸው እስኪበሩ እጠብቃለሁ፤ የጥቁር ራሷ ክንፍ ከሥሩ ሲታይ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው፣ የሌላዋ ግን ወጥ ግራጫ። ትልቁ ልዩነታቸው ግን ጠባያቸው ላይ ነው። ግራጫዋ ውሃ ካላየች አትረጋጋም። ጥቁር ራሷ ሣር ይበቃታል። ሣር ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ከታጣ እንሽላሊት አለ፤ እሱም ከታጣ ፌንጣ አይጠፋም።

ሣር ደግሞ ቦሌ ውስጥ የት አለ? አንዱ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ውስጥ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ። ሌላው ታጥሮ የተቀመጠ ባዶ መሬት ነው። ቆርቆሮ አጥር ታያላችሁ፤ አጥሩ ላይ የሚሠራው ሕንጻ ሥዕል ተሰቅሏል፣ መስታወት በመስታወት ሆኖ፣ ከሥሩ ከውጭ አገር መጽሔት የተገለበጡ ሰዎች ይንሸራሸራሉ። ሥራው የሚያልቅበት ቀንም ተጽፏል፤ ቀኑን ግን ፀሐይ አጥፍቶታል። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ጉድጓድ ነው። ለመሠረት ተቆፈረ፤ ከዚያ ብረት ተወደደ፣ ወይም ሲሚንቶ ጠፋ፣ ወይም ወራሾች ተጣሉ፣ ብቻ አንድ ነገር ሆነና ቆመ። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ቋጠረ። ውሃው እንቁራሪት አመጣ። ዳር ዳሩን ቄጠማ በቀለ። በሚቀጥለው ክረምት ሳቢሳዋ መጣች። አሁን ያ ሁሉ መስታወት ሊቆምበት የነበረውን ቦታ ያለ ካርታ፣ ያለ ሊዝ፣ ያለ ግብር ይዛ ትኖራለች። በዚህ ከተማ ከእሷ የተሻለ ይዞታ ያለው ሰው አላውቅም።

ስለዚህ እኛ ዘንድ ሳቢሳ ማንሳት የሚጀምረው ከጥበቃው ነው። የኔዋ ሳቢሳ ያለችበትን ግቢ የሚጠብቁት ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ካፖርት፣ ከካፖርቱ በላይ ጋቢ፣ ጋቢው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ሬዲዮ አለች። የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርገው ከኔ ይልቅ ሌንሱን አዩት።

«ከየት ነው የተላክኸው ልጄ?»

«ማንም አልላከኝም አባባ። ወፏን ላነሳ ነው።»

«የቷን?»

«ያቺን ረጅሟን።»

ዘወር ብለው ተመለከቷትና ትከሻቸውን ላላ አደረጉ። «እሷንማ አውቃታለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትወጣለች። አርብ አርብ ታረፍዳለች።»

«አርብ ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። ትጾም ይሆናላ።»

ተግባባን ብዬ ደስ ሲለኝ ዋናው ጥያቄ መጣ። «ለምንድን ነው የምታነሳት?»

«እንዲሁ ነው አባባ። ደስ ስለምትለኝ።»

በዚህ አገር ከ«እንዲሁ» የበለጠ የሚያጠራጥር መልስ የለም። «ለጥናት ነው» ብል ያልፉኝ ነበር። «ፈረንጅ ልኮኝ ነው» ብል ወንበር ያወጡልኝ ነበር። ለ«እንዲሁ» ግን ስልክ ይደወላል። ለባለቤቱ ተደወለ። ባለቤቱ ስብሰባ ላይ ነው። ለባለቤቱ ወንድም ተደወለ። ወንድምዬው ወፍ መኖሯንም አያውቅም፤ «ማን አስገባት?» ብሎ ጥበቃውን ተቆጣ። ከብዙ ክርክር በኋላ ፈቃዱ ከነቅድመ ሁኔታው ወረደ። ወፏን ማንሳት ይቻላል። ጉድጓዱ ግን ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ። አጥሩም እንዳይገባ። ሣሩም ባይገባ ይመረጣል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። መሬት ወስዶ በጊዜው ያላለማ ሰው ፎቶ አይወድም፤ ማስረጃ ነው። የወፍ ፎቶ ጥበብ ደግሞ ዋና ሕጉ ወፏን ከነመኖሪያዋ ማሳየት ነው። እንግዲህ እኔ መኖሪያዋን በጥንቃቄ ደብቄ ወፏን ብቻ ላነሳ ቃል ገባሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ፎቶዎቼ ላይ ሳቢሳዋ ከጭኗ በታች የሌላት። ያዩት ሁሉ «እንዴት ያለ አቆራረጥ ነው! ጥበብ ማለት ይሄ ነው!» ይሉኛል።

ፈረንጆቹ የገጠማቸው ችግር ከኛ ተቃራኒ ነው፤ እነሱን የምትሸሻቸው ራሷ ወፏ ናት። አይፈረድባትም። እንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን በነገሥታቱ ግብር ላይ ተጠብሳ ትቀርብ ነበር፤ በሠለጠነ አዳኝ አሞራ ማሳደዱም የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ስለዚህ የአውሮፓ ወፍ አንሺ ሲጀምርም መደበቅ ነበረበት። ከመደበቅም ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉት የዮርክሻየር ወንድማማቾች የሠሩት ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ውስጡ ክፍት የሆነ የበሬ ቆዳ አሠሩ፤ አንዱ ካሜራውን ይዞ በሬው ሆድ ውስጥ ይቆማል፣ በቀዳዳ ወፎቹን ያነሳል። ወፎቹም በሬ ነው ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ሪቻርድ ውስጡ እንዳለ በሬው ተገልብጦ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ፤ ቼሪ ደርሶ ከማውጣቱ በፊት መጀመሪያ ፎቶ አነሳው ይባላል። ወንድም ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ዘዴው ሩዋንዳ ይሠራ እንደሆነ አስቤበታለሁ። ከሳቢሳ ወገን አንዷ፣ ነጯ ከብት ተከታይ፣ ከበሬ እግር ሥር አትጠፋም፤ በሬው ሲሄድ የሚነሣውን ፌንጣ ትለቅማለች። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እንከን የለውም። ችግሩ የገና ሰሞን ነው። በዓል ሲደርስ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ብቻውን የቆመ በሬ ሁለት ደቂቃ አይቆይም፤ ቅርጫ የገቡ ሰዎች ከበው ጎኑን ይጫኑታል፣ ጥርሱን ያያሉ፣ ዋጋውን ይጠይቃሉ። በሬው «ወንድሞቼ፣ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ» ብሎ ቢመልስ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

ደግነቱ እኛ ዘንድ በሬ አያስፈልግም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሳቢሳን ከነዘመዶቿ ከማይበሉት ወፎች ጋር በስም ጠርቶ ቆጥሯታል፤ አበሻም በዚህች አልተደራደረም። ድስት ያላሳደዳት ወፍ ሰው አትፈራም። አውሮፓ ውስጥ ገና ከሩቅ አይታህ ትነሣለች፤ እዚህ ግን አጠገቧ ቆመህ ስልክ አውርተህ ጨርሰህ እሷ ያቺው ናት። የኔ ወፍ አንድ ጊዜ ከሲሚንቶ ቀላቃይ ማሽን ጎን ቆማ አይጥ ስትጠብቅ አይቻታለሁ፤ ማሽኑ እየሠራ ነበር።

ነጯን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ከብት ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1877 ገደማ ደቡብ አሜሪካ ሰሜን ዳርቻ ላይ ታየች፤ ከአፍሪካ ተነሥታ አትላንቲክን በራሷ ክንፍ የተሻገረች ናት ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1953 ፍሎሪዳ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ተገኘች። ዛሬ አሜሪካን ሞልታዋለች። ዲቪ አልሞላችም፣ ስፖንሰር የላትም፣ ባንክ ስቴትመንት አላቀረበችም። ቦሌ ውስጥ በየኤምባሲው ደጃፍ ፋይል ታቅፎ የቆመ ወጣት ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች፤ ለወጣቱ ግን አልነግረውም፣ ይብስበታል።

የዚህች ወፍ ወገን የሆኑት ነጫጮች በአንድ ወቅት ከምድር ሊጠፉ ደርሰው ነበር። በመራቢያቸው ወራት ጀርባቸው ላይ የሚበቅለው ስስ ላባ በአውሮፓና በአሜሪካ የእመቤቶች ባርኔጣ ማጌጫ ሆነ፤ ዋጋው በሚዛን ከወርቅ በለጠ። ላባው ያለው ጫጩት በሚያሳድጉበት ጊዜ ስለሆነ እናትና አባት ሲገደሉ ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 አርተር ማቲንግሊ የተባለ አውስትራሊያዊ ካሜራውን ተሸክሞ ማረፊያቸው ድረስ ሄደና ይህንኑ አንድ በአንድ አነሳ። ፎቶዎቹ ለንደን ደረሱ፤ በ1911 የወፍ ጥበቃ ማኅበሩ ሰዎች ቀጥሮ ፎቶዎቹን በሰሌዳ አስለጥፎ፣ ሰሌዳውን ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ አሰቅሎ፣ ባርኔጣ በሚሸጥበት ሰፈር ውስጥ አዘዋወራቸው። በ1921 እንግሊዝ ላባ ማስገባትን በሕግ ከለከለች። ማቲንግሊ የዕለት እንጀራው ምን ነበር ብትሉ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር። ይህን የምጽፈው ሻንጣ ውስጥ ሌንስ ይዞ ጉምሩክ ሰልፍ ላይ ለሚያልበው ወፍ ወዳድ ሁሉ ማጽናኛ ይሆነው እንደሆነ ብዬ ነው።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ልመለስ። ለጥቁር ራሷ ሳቢሳ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሜዳው ሰፊ፣ ሣሩ የታጨደ፣ ውሻ አይገባ፣ ልጅ ድንጋይ አይወረውር። ለአውሮፕላን ግን ወፍ ቀልድ አይደለችም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ስለዚህ አውሮፕላን በሚያርፍበት አገር ሁሉ ወፍ ማራቅ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። አጥሩ ዘንድ ሄጄ ሌንሴን አላነጣጥርም። ለማንም ቅሬታ የለኝም፤ እኔም ዘበኛ ብሆን አጥር ሥር በሆዱ ተኝቶ ሰማይ ላይ የክንድ ርዝመት ያለው ነገር የሚያነጣጥር ሰው ባይ በትሕትና አላናግረውም።

ብቻ ሩዋንዳ ላይ ሰማዩ የጋራ ነው። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ የቡና ሲኒው ይንጫጫል፣ የሚያወራ ሰው አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል። ሳቢሳዋ ቀና ብላ እንኳ አታየውም። አንዳንዴም በዚያው ሰዓት ተነሥታ ትበራለች፤ አንገቷን ሁለት አጥፋ፣ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ከጀርባዋ ያ ሁሉ ብረት እያረፈ። የዓለም ወፍ አንሺ ቤቱን ሸጦ የሚፈልገው ፎቶ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የሌንሱን ክዳን እገጥምና ጫማዬን አያለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ሌንስ ደግሞ አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም።

አንገቷን አጥፋ የምትበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳቢሳ ስድስተኛዋ የአንገቷ አጥንት ረዘም ያለች ስለሆነች አንገቷ መሐሉ ላይ ይሰበራል፤ ስትቆም ታጥፈዋለች፣ ስታጠቃ እንደ ወስፈንጥር ትለቀዋለች። አዲስ አበባን በጩኸት የሚያነቃት ጋጋኖ ግን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ነው የሚበረው። ለጀማሪ ይህች አንዲት ምልክት ከመጽሐፍ ሁሉ ትበልጣለች። የማጥቃቷ ችግር ግን፣ ምቷ ከዓይን ጥቅሻ ታንሳለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ሐውልት የሆነችን ወፍ እያየህ ትቆማለህ፤ አንተ ለማስነጠስ ዞር ስትል አይጧ ጉሮሮዋ ውስጥ ናት። መድኃኒቱ ካሜራውን ቢያንስ በሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ፍጥነት ላይ አድርጎ አለማስነጠስ ነው።

ብርሃኑም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ ፀሐይዋ ጠዋት ላይ ማር፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ በርበሬ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያልሠራ ሰው ቡናውን ይጠጣ። ነጯ ሳቢሳ ደግሞ ፀሐይ ላይ ስትቆም ላባዋ ሁሉ ይጠፋና ፎቶው ላይ ባዶ ወረቀት ትሆናለች፤ ብርሃኑን ቀነስ ስታደርግ በዙሪያዋ ያለው ይጨልማል። ይህን ችግር የአገራችን ሰርግ ቀራጮች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቬሎው ሲታይ ሙሽራው ጨለማ፣ ሙሽራው ሲታይ ቬሎው ጭስ። ለሳቢሳ የምጠቀምበትን ሌንስ የምከራየውም ከነሱ ነው። ሰርግ በበዛበት በጥር ወር ሌንስ አይገኝም። በዐቢይ ጾም ይትረፈረፋል። የኔ የወፍ ወቅት እንግዲህ በዝናብ ሳይሆን በጾም ነው የሚወሰነው።

ወደ ቡልቡላ ወንዝ ወርደህ ከሆነ የምታነሳው ደግሞ አፍንጫህን አስቀድመህ አሳምን። ጥሩ የወፍ ፎቶ ከወፏ ዓይን ትክክል ይነሳል፤ ስለዚህ መተኛት አለብህ። ምን ላይ እንደምትተኛ አልዘረዝርም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የሸገርን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት በቤተ መንግሥት እራት ተጋብዞ ነበር፤ አንዱ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ይለማል ተባለ፤ ብዙ ቦታም ሣርና ድንጋይ ንጣፍ ለብሷል። ሳቢሳዋ ዛሬም እዚያው ወንዝ ዳር እራቷን በነጻ ትበላለች፤ አዲሱ ሣር ላይ ሰው እንዳይረግጥ ሲከለከል እሷ መሐሉ ላይ ትረግጣለች፤ የቀጣት የለም።

ተኝተህ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላህ ልጆች ይደርሳሉ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ መንደሩ። «አንሳኝ! አንሳኝ!» ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ፎቶ ካልተነሳ ሰላም የለም። እኔ ግን ልጆቹን አላማርርም፤ የሩዋንዳና የቦሌ ሚካኤል ልጆች ዓይን ካየሁት አስጎብኚ ሁሉ ይበልጣል። «ጋሼ፣ እዚያኛው ቆሻሻ ጋ ሌላ አለች፤ እንቁራሪት ይዛለች፤ አልዋጠችውም ገና» ይሉሃል፤ ሄደህ ስታይ እንዳሉት ነው። አንዷ ሚጢጢ «ለምን ጉልበቷ ወደ ኋላ ይታጠፋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉልበቷ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቷ እንደሆነ፣ ጉልበቷ ላባ ውስጥ እንደተደበቀ ነገርኳት። አላመነችኝም። ወደ እናቷ ሄዳ «ሰውዬው ውሸታም ነው» ብላለች።

ሐይቅ ዳር አልሄድክም ወይ የሚለኝ አለ። ሄጃለሁ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አሣ አጥማጁ የሚጥለውን አንጀት ሲጠብቁ አባ ኮዳና ሳቢሳ ይጋፋሉ። ዝዋይ ላይ ጎልያድ የምትባለዋን፣ በዓለም ካሉት ሳቢሳዎች ሁሉ ትልቋን፣ አንድ ሜትር ተኩል ልትደርስ የምትችለዋን አይቻለሁ። ትንሿ ጥቁር ሳቢሳ ክንፏን በራሷ ዙሪያ ዘርግታ ውሃው ላይ ጥላ ትሠራለች፤ ጥላ ፈልጎ የመጣውን አሣ ትወጋለች። ጣና ላይ በታንኳ እየተቀዘፈ በደንገሉ መካከል ማንሳት ይቻላል። ሁሉም ያምራል፤ ፖስት ካርድ ላይ ያለው ሁሉ እዚያ ነው። እኔ ግን ከፖስት ካርዱ ይልቅ ጉድጓዱን እመርጣለሁ። ሐይቅ ዳር ሳቢሳ መኖሯ ምን ይገርማል? ቦሌ ውስጥ ተከራይ ሳትሆን መኖሯ ነው የሚገርመው።

እናቴ ፎቶዎቹን አይታለች። መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አድርጋ፣ «ይሄን ሁሉ ብር አውጥተህ ይቺን?» አለች። ቀጥላም «የሰው ፎቶ የለህም?»። ለእሷ ያልኳትን ለናንተም ልበል። በየዓመቱ ጥር ላይ በአፍሪካ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ እኛም አገር ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች በመጽሐፍ ሲዘረዝር የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ አንዱ ነበር። ከቦሌ በታች የሚወርደው ውሃ መድረሻው እዚያ ነው። የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ያለችውን ሳቢሳ ግን ቆጣሪ አያገኛትም፤ ጥበቃው አያስገባውማ። እሷን የሚቆጥራት ያው ሰርገኛ ሌንስ ተከራይቶ የሚንከራተት ሰው ነው። እናቴ ይህን ሰምታ «እንግዲያው እግሯንም አንሳት፤ ከነእግሯ ትቆጠር» አለች።

እናንተ ቦሌ ላይ መሬት አጥራችሁ የተቀመጣችሁ ባለንብረቶች፣ ልመና አለኝ። ጉድጓዱን ፎቶ ውስጥ አላስገባም፤ ቃሌ ቃል ነው። ብረቱ ረክሶ፣ ሲሚንቶው ተገኝቶ፣ ወራሾቹ ታርቀው ሥራ የምትጀምሩ ከሆነም እሰየው፣ ሕንጻው ይቁም። ብቻ ማሽኑ ከመግባቱ ከአንድ ቀን በፊት ለጥበቃው ንገሩልኝ። ስልኬ እሳቸው ዘንድ አለ።